ወደ ኮርሊ የወጣው ሰው

ሽማግሌው አጥማጅ ኦሪን ኢንግልስ ሐሙስ ጠዋት በጀልባ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ጭንቅላቱ መልሕቁ ላይ ተፈጥፍጧል። ከሞተ ሦስት ቀኑ ነበር። ማንም ያልፈለገው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በተተወች ወረቀት የተነሣ ነው። «ወደ ኮርሊ ወጥቻለሁ። እሑድ እመለሳለሁ» ትላለች።

መርማሪ ታክስተር በሜይን የባሕር ዳርቻ ሠላሳ ዓመት ሬሳ ሲያይ ኖሮ ታክቶታል። ወረቀቷን ሁለቴ አንብቦ ወደ ሟች እህት ዞረ።

«እማማ ቬልማ፣ ወንድምዎ ኮርሊ መንደር ምን አላቸው?»

«የሚስቱ መቃብር አለ። ግን ሳይነግረኝ ወርዶ አያውቅም።»

ሬሳውን ያገኘው ከኦሪን ጋር ዓሣ የሚያጠምደው ሊላንድ ነው። «አማቹ ግራንት ‹ኮርሊ ሄዷል› አለኝ» አለ። «ኦሪን አንዴ ከወረደ ደግሞ ማን ይመልሰዋል?»

የኦሪን ልጅ ባል ግራንት ባሕር ከሌለው ኦሃዮ መጥቶ እዚህ ቤት መኖር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ማክሰኞ ነው ወረቀቱን ያየሁት። በዚያ ዕድሜው ብቻውን መውጣቱ ገርሞኝ ነበር» አለ። ሚስቱ፣ የኦሪን ልጅ ሆፕ፣ በነሐሴ ሙቀት እጅጌዋን እስከ ጣቶቿ ስባ አጠገቡ ተቀምጣለች።

ከሰዓት በኋላ ታክስተር አራቱንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበ።

«እዚህ ዳር ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ነው» አለ በደከመ ድምፅ። «በሸራ ጀልባ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ነፋሱ ከኋላ ስለሚነዳው ‹ይወርዳል› እንላለን። ኮርሊ ሰሜን ምሥራቅ ናት። ቬልማም ሊላንድም ‹ወረደ› አሉኝ። ወረቀቷ ግን ‹ወጥቻለሁ› ትላለች። ሰሜንን በካርታ ላይ ከላይ አይቶ ‹መውጣት› ያለው የሩቅ አገር ሰው የጻፋት ናት።»

ግራንት ሣቀ። «በአንዲት ቃል ነው የምትወነጅለኝ?»

«ቃሏ ወደ አንተ መራችኝ። ወረቀቷ የተቀደደችበትን ደብተር መኪናህ ውስጥ አገኘነው። ጫፎቹ ገጥመዋል።»

«የገፋሁት አንዴ ብቻ ነው» አለ ግራንት።

ሆፕ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ በልዞ ነበር። «ሰኞ ለአባባ አሳየሁት። እኔ አነጋግረዋለሁ፣ አንቺ ዕቃሽን ሸክፊ አለኝ።»

«ሸከፍሽ?» አለቻት ቬልማ።

«አዎ። አልጋ ሥር ነው ሻንጣው።»

ታክስተር ግራንትን ይዞ ወጣ። ቬልማ ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ሻንጣውን ልታመጣ ሄደች።