ራሱ የሚጎርሰው ጠመንጃ

ይሄን ያላመነ መጥቶ ጋጣዬን ይይ... ቁልፉን ግን እኔ አልከፍትለትም።

የገና ማግስት ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፔንስልቬኒያ፣ የጎረቤቴ የእማማ ኦርፋ ኩሽና ውስጥ።

እዚህ ከገና በኋላ አጋዘን የሚታደነው በባልጩት እሳት በሚተኩስ የጥንት ጠመንጃ ብቻ ነው። ባሩዱንም ጥይቱንም የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነው። የእኔ ተሰብሮብኝ፣ የእማማ ኦርፋ ሟች ባል ሬይመንድ ከተዋቸው ሁለት ጠመንጃዎች አንዱን ልመርጥ ሄድኩ።

አንዱ አዲስ ነው፤ ግን ከባድ። ሌላው አሮጌ፣ ቀላል፣ ትከሻዬ ላይ ልክክ የሚል። ልቤ ወዲያው አሮጌው ላይ አረፈ።

"ዌይን ልጄ... አዲሱን ውሰድ" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ምነው?"

"ያኛው ራሱ ይጎርሳል።"

ሳቄ መጣ። ሳቄን ግን ዋጥኩት።

ማንኛችንም ጠመንጃ ስንመርጥ መጀመሪያ ጥይት የሚገፋበትን ዘንግ በአፈሙዙ እንሰዳለን። ዘንጉ ላይ ምልክት አለ። ጠመንጃው ባዶ ከሆነ ምልክቱ ከአፉ ጋር እኩል ይሆናል። ጎርሶ ከሆነ ውጭ ይቀራል።

ሰደድኩት።

ምልክቱ ሁለት ጣት ያህል ውጭ ቀረ...

ጥይቱን በመንቀያ ስቤ አወጣሁት፣ ባሩዱንም አራገፍኩ። ጥይቱ የተጠቀለለበት ጨርቅ አብሮ ወጣ። ክብ፣ ቢጫ፣ አበባ ያለበት።

እማማ ኦርፋ ሽርጧን ቁልቁል አየች።

ቢጫ ነው። አበባ አለበት። መሃሉ ላይ ክብ ቀዳዳ...

"ሽርጤ ጠዋት ደህና ነበር" አለች። "ስለነቀልክልኝ እግዜር ይስጥህ። ሬይመንድ መንቀል ሰለቸው... መሬት ላይ ተኩሶ አራገፈው።"

"ከዚያስ?"

"ቁስል የለው፣ ደም የለው። ሸሚዙ ብቻ ደረቱ ላይ በክብ ተቀዶ... ሞቶ አገኘሁት።"

ፈራሁ። ግን እልኸኛ ነኝ። ሽርጧን አይጥ ነው የበላው አልኩ ለራሴ። አሮጌውን ይዤ ወጣሁ።

ማታ ዘንጉን ሰድጄ አየሁ። ባዶ። ደግሜ አየሁ። ባዶ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወንድሜ ቨርሊን ለአደን መጣ። ጠመንጃውን አንስቶ ዘንጉን ሰደደ።

"አንተ! ጎርሶ ነው እንዴ የሚያድረው?"

"ባዶ ነው!"

"ምን ባዶ ነው! አርጅተሃል በቃ፣ ዛሬ አጋዘን ስታይ ላም ናት እንዳትል!"

እየሳቀ ወጣ። "አሁን ማን ቁጭ ብሎ ይነቅላል? በረዶው ላይ ተኩሼ ላራግፈው።"

ያኔ ደረቴን በረደኝ።

ግራ ደረቴን። አንዲት ቦታ ብቻ።

እጄን ሰደድኩ... ጣቴ ሸሚዜ ውስጥ ገባ። ክብ ቀዳዳ።

"ቨርሊን! እንዳትተኩስ!"

ቀጭ አለ።

ባልጩቱ ብልጭ አለ፣ ከላይ ያለው ባሩድ ቦግ ብሎ ነደደ...

ጠመንጃው ግን አልጮኸም።

አዳኝ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ከላይ ነዶ ከውስጥ ካልጮኸ፣ እሳቱ ቀስ እያለ እየገባ ሊሆን ይችላል። አትንካው። አፈሙዙ ፊት አትቁም። ጠብቅ።

"አስቀምጠው..." አልኩት። "ቀስ ብለህ።"

አንድ ደቂቃ ጠበቅን። አንድ ሰዓት። እስኪመሽ።

አልጮኸም።

በገመድ እየጎተትን ጋጣ ውስጥ ቆለፍንበት። ለመንቀል አፈሙዙ ፊት መቆም ያስፈልጋል። ማን ይቁም? እኔ ፈሪ ነኝ፤ ወንድሜንም አላቆምም።

ሰባት ክረምት አለፈ። ሚስቴ ሸሚዜን በጠቀመችው ቁጥር፣ ጠዋት ቀዳዳውን ተመልሶ አገኘዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት በጋጣው ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ።

እሳቱ ወደ ጠመንጃው ውስጥ ከሚገባበት ቀዳዳ... ቀጭን ጭስ አሁንም ይወጣል።