የሚያዝያ ሙቅ ውሃ

ሟቹ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተንጋሎ ነበር። ሽርጡ ከወገቡ ተፈትቷል፤ ከግድግዳው የሚወርደው ውሃ አሁንም ትልቅ ሆዱን ይመታዋል። ከራሱ በላይ የተሰቀለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ክዳኑ ተከፍቶ፣ አረንጓዴው ሽቦ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል።

ኢንስፔክተር ኦራታይ ጫማዋን ኮሪደሩ ላይ አውልቃ ከበሩ ቆመች። አራት ፎቅ በእግሯ ስትወጣ ያላባት ላብ ገና ጀርባዋ ላይ ነው።

«ፈረንጅ ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ፣ ነገሩ በዚያ ያለቀ ይመስል።

ሰውዬው ቶርበን ይባላል። በመርከብ መካኒክነት ያረጀ ዴንማርካዊ ሲሆን፣ ጡረታውን ይዞ ወደ ታይ አገር፣ ቶንቡሪ መጥቶ፣ ከቦዩ ዳር በቆመው በዚህ ርካሽ የኪራይ ቤት የመጨረሻ ፎቅ ላይ ብዙ ዓመት ኖሯል። ሬሳውን ያገኘችው አብራው የምትኖረው ዱዋንጃይ ናት። ከቅያሱ አፍ ላይ ፓፓያ በቃሪያ እየወቀጠች ትሸጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ቃሪያ አልቆባት ልትወስድ ስትመጣ ነው ወድቆ ያየችው።

የኦራታይ ስልክ ጮኸ። የጣቢያው አዛዥ ነበሩ።

«አለቀ?» አሉ ኮሎኔሉ።

«አሁን መግባቴ ነው ጌታዬ።»

«ማሞቂያ ነው ይሉኛል። ማነው የገጠመው?»

«ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር በርማዊ ኤሌክትሪሺያን ነው አሉ።»

«በቃ፣ እሱን ይዘሽ ነይ። ነገ በዓል ነው። ኤምባሲው ሳይደውልልኝ ፋይሉ ይዘጋ።»

ኦራታይ ስልኩን ኪሷ ከተተች። ባለፈው ዓመት ከሰገነት የወደቀውን ፈረንጅ ‹ሰክሮ ነው› ብለው ዘጉት፤ ከዚያ በፊት ቦዩ ውስጥ የተገኘውን ‹አንሸራቶት ነው› አሉ። ሁለቱንም ስትዘጋ እጇ ከብዷት ነበር። ፈርማለች ግን።

የማሞቂያውን መብራት ከግድግዳው ላይ አጠፋችና፣ ውሃው ትንሽ እንዲፈስ ትታው እጇን ሰደደች። ወዲያው ሳበችው። ጣቶቿ ቀልተዋል። በትንሿ መስኮት አንገቷን አውጥታ ወደ ላይ ብታይ፣ ጣሪያው ላይ ጥላ የሌለው ጥቁር የውሃ ጋን ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። መብራቱን መልሳ አበራችና ከኪሷ ባወጣችው ቴስተር፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሚበራ መፈተሻ፣ የማሞቂያውን ብረት፣ ቧንቧውን፣ የሚፈሰውን ውሃ ሳይቀር ነካካች። ቴስተሩ አልበራም። ኪሷ መለሰችው።

ጥግ ላይ እስከ አፉ የሞላ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። መቅጃው ደረቅ ነው። የገንዳው ጠርዝ ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ በሳሙና ተፈግፍጎ ከሌላው ነጥቷል። የሟቹ ማጅራትም ተፈንክቷል።

ዱዋንጃይ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ወገቧ ላይ የታሰረውን የሥራ ሽርጥ ታፍተለትላለች። ቁም ሳጥኑ በር ላይ ሁለት የተተኮሱ ነጭ ሸሚዞች ተሰቅለዋል፤ አንዱ እንደ ድንኳን ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ፣ እጅጌው ረጅም።

«ጠባቡ የማነው?» አለች ኦራታይ።

«እኔንም አትጠይቂኝ እትዬ። ትናንት ገዝቶ አመጣና ‹ሁለቱንም ተኩሺልኝ› አለኝ። ‹ለማን ነው?› ብለው ‹አብሮኝ የሚሄድ ሰው አለ› አለኝ።»

«የት ነው የሚሄደው?»

«መጀመሪያ ኢሚግሬሽን፣ ከዚያ አገሩ ነዋ። ጉልበቱ ደረጃ አልወጣ ብሎታል። ‹እኔስ?› ስለው ‹ብርዱ ይገድልሻል› ይለኛል። ወር ሙሉ ተጨቃጨቅን።» ቀና ብላ አየቻት። «ገደለችው ብለሽ ነው?»

«በዚህ ሰዓት ገላሽን ትታጠቢያለሽ?»

«ቆዳዬን ልላጥ? ጠዋት ገንዳውን እንሞላና፣ ቀን ከዚያ እየቀዳን እንደፋለን። እሱም እንደዚያው ነበር።»

የኪራይ ቤቱ ባለቤት ማሊዋን የምትኖረው ሁለተኛ ፎቅ ነው። በሯን ከፍታ፣ ማራገቢያውን ወደ ራሷ ብቻ አዙራ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ከሟቹ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ማን ከሱ ጋር ይስማማል? ‹ጋኑን ጥላ ሥሪለት፣ ውሃው አቃጠለን› እያለ ነጋ ጠባ ሲነዘንዘኝ! እኔንስ አያቃጥለኝም? አንድ ጋን ነው የምንጠጣው፣ ከምድር ቤቱ ክፍል በቀር። ያ ክፍል ብቻ ከመንገዱ ቧንቧ በቀጥታ ያገኛል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ ማሞቂያ ገደለው ከተባለ ማን ይከራየኛል? ልቡ ነው በይልኝ።»

በርማዊው ናይንግ ሊን ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ማንም ሳይጠይቀው የሥራ ፈቃድ ካርዱን በእጁ ይዟል።

«እኔ ነኝ የገጠምኩት» አለ። «ለበዓሉ ቀደም ብለው ለቀቁን። ተኝቼ ነበር። ያየኝ ሰው የለም።»

«ሽቦውን ማን ቆረጠው?»

«አላውቅም እትዬ።» ካርዱን አገላበጠ። «ልብሴን ልያዝ ወይስ እንዲሁ ልምጣ?»

ኦራታይን ከጥያቄው ይልቅ ያናደዳት የድምፁ እርጋታ ነበር። ከዚህ በፊት ይህን እርጋታ ሰምታዋለች፤ የሚመጣውን አስቀድሞ የለመደ ሰው ድምፅ ነው።

«ከቤትህ አትራቅ» ብላው ወረደች።

ምድር ቤት፣ ከሞተር ሳይክሎቹ በስተጀርባ፣ ዴክላን የሚባል አየርላንዳዊ ይኖራል። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ክንዶቹ ከሸሚዙ ተርፈው ይታያሉ። ሰፈር ውስጥ ልጆችን እንግሊዝኛ ያስተምራል። የታይ ቋንቋውን የተማረው ከገበያ ነውና ሲናገር እንደ ዓሣ ሻጭ ነው።

«አስተርጓሚ ልጥራልህ?»

«ለምን? ስሰድብ ሰምተሽኝ አታውቂም?» አለ ሊቀልድ ፈልጎ። ቀልዱ ግን አፉ ላይ ቀረ። «ቶርበን ጓደኛዬ ነበር። እነዚህ ማሞቂያዎች ወጥመድ ናቸው። ስንቴ ተናገርኩ! ማን ይሰማል? ፈረንጅ ሲያማርር መዝናኛ ነው።»

«አንተስ ማሞቂያ አለህ?»

«አለኝ። እየፈራሁ ነው የምታጠበው።»

«በሚያዝያም?»

«እንዴታ። ያለሱ እንዴት ይታጠቧል? ውሃው አጥንት ይሰብራል።»

ኦራታይ አንገቷን ነቀነቀች። «ፓስፖርትህን ላየው?»

«ትምህርት ቤቱ ጋ ነው። ለቪዛ እድሳት።» ዓይኑ ወደ ሞተሮቹ ሄደ። «ነገ ደግሞ ዝግ ነው፤ በዓል ነው።»

«አዎ፣ በዓል ነው» አለችና ተወችው።

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሁሉንም አራተኛ ፎቅ ሰበሰበቻቸው። ታች ልጆች በበዓሉ ወግ ውሃ ይረጫጫሉ። ኮሎኔሉ አበባ ያለበት የበዓል ሸሚዛቸውን እንደለበሱ መጥተው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«አንድ በርማዊ ለመያዝ አራት ፎቅ አስወጣሽኝ» አሉ። «ዘመዶቼ ምሳ ላይ እየጠበቁኝ ነው።»

«እርስዎ እንዲያዩት ፈልጌ ነው ጌታዬ።»

ኦራታይ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ማሞቂያውን አብርታ ውሃውን ከፈተችና፣ ማንም ሳይከለክላት መዳፏን ብረቱ ላይ ለጠፈች። ዱዋንጃይ ፊቷን ሸፈነች።

«አልሞትኩም» አለች ኦራታይ። «ይኼ ማሽን ማንንም አልገደለም። አረንጓዴው ሽቦ መሬት የሚወርድ ሽቦ ነው፤ ቢቆረጥ መከላከያው ይጠፋል እንጂ ብረቱ ኤሌክትሪክ አይዝም። ለመያዝ ሌላ ብልሽት ያስፈልጋል፤ ያ ብልሽት ደግሞ የለም። ትናንትም በቴስተር አይቼዋለሁ። ሽቦውን የቆረጠው ሰው ይህን አያውቅም። ናይንግ ሊን ግን እንጀራው ነው። አደጋ ማስመሰል ቢፈልግ ኖሮ እንዲህ አይቆርጥም ነበር።»

ኮሎኔሉ የበርማዊውን ፊት ሳያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታዲያ በምን ሞተ?» አሉ።

«ጭንቅላቱ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተመትቶ። ጠርዙን አንድ ሰው በሳሙና ፈግፍጎታል። ከዚያ ልብሱን አውልቆ፣ ሽርጥ ጣል አድርጎበት፣ ከማሞቂያው ሥር ጎትቶ አስተኛው።» ወደ ማሊዋን ዞረች። «እማማ፣ ይኼ ታሪክ ለእርስዎ አይበጅዎትም። ማሞቂያ ገደለ ከተባለ የሚከስሩት እርስዎ ነዎት። ልቡ ነው በይልኝ ብለው የለመኑኝም ለዚሁ ነው።»

«እህ» አለች ማሊዋን።

ኦራታይ ማሞቂያውን አጥፍታ ውሃው ትንሽ እንዲፈስ ተወችው። «ዴክላን፣ እጅህን ስደድበት።»

«ለምን?»

«ግድ የለም፣ ጠፍቷል።»

ዴክላን ረጅም ክንዱን ዘርግቶ ውሃው ሥር አስገባ። ሌሎቹ ገና ውሃው ሲፈስ ሲያዩ ፊታቸውን አኮማትረው ነበር። እሱ ብቻ ነው ያልተጠነቀቀው። እየተራገመ ሳበው።

«ሚያዝያ ነው» አለች ኦራታይ በዝግታ። «በዚህ ሰዓት ከጋኑ የሚመጣው ውሃ ቆዳ ይልጣል። ዱዋንጃይ ታውቃለች። ማሊዋን ታውቃለች። ናይንግ ሊንም ከዚሁ ጋን ነው የሚቀዳው። ከሦስቱ አንዱ ይህን አደጋ ቢያቀነባብር ማሞቂያ ማብራት በሐሳቡም አይመጣለትም፤ እዚህ ፎቅ ላይ በሚያዝያ ማሞቂያ የሚያበራ ሰው የለምና። ከመንገዱ ቧንቧ የሚታጠብ አንድ ተከራይ ብቻ ነው ያለው። ‹ያለሱ እንዴት ይታጠቧል› ያለኝም እሱ ነው።»

ዴክላን የተቃጠለውን እጁን በሌላው እጁ ይዟል።

«ጓደኛዬ ነበር አልኩሽ» አለ።

«ነበር። ለዚህም ነው ሸሚዝ የገዛልህ።» ጠባቡን ሸሚዝ አንስታ ከትከሻው ላይ ለካችው። እጅጌው እስከ አንጓው ደረሰ፤ ከለበሰው ሸሚዝ ይልቅ ልኩ ነበር። «ኢሚግሬሽን ሲቀርብ ሰው ደህና ልብስ ይለብሳል። ዛሬ ጠዋት የኢሚግሬሽን ተረኛውን በስምህ ጠይቄ ነበር። ቪዛህ ጊዜው ካለፈበት ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቶርበን ወደ አገሩ ከመግባቱ በፊት ወስዶ እጅህን ሊያሰጥህ ነበር። አይደለም?»

ዱዋንጃይ ቀስ ብላ ከምንጣፉ ተነሣች። «ላንተ ነው እንዴ የተኮስኩት?» አለች።

ዴክላን ወደ እሷ አላየም። ሲናገር ግን ለእሷ የሚናገር ይመስል ነበር። «‹ይቀጡሃል፣ ያስወጡሃል፣ ግን ትተነፍሳለህ› አለኝ። ለሱ ቀላል ነው፤ የምትቀበለው እህት አለችው። እኔ ማን አለኝ? ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እየቀየርኩ፣ ሲያመኝ ሐኪም ቤት ሳልሄድ፣ ልጆቹ ወላጆቻቸው ጋ እንዳያወሩ እየለመንኩ... ቢሆንም እዚህ ነው የምኖረው። ሌላ ቦታ የለኝም። እምቢ አልኩት። ክንዴን ያዘኝ፤ ‹ብትወድም ባትወድም› አለኝ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው ያደረግኩት።»

«አምንሃለሁ» አለች ኦራታይ። «ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ግን ወዲያው አልሞተም ይላል። አንተ ጠርዙን ስትፈገፍግ፣ ልብሱን ስታወልቅ፣ ይተነፍስ ነበር።»

ዴክላን ዓይኑን ወደ ገንዳው ጠርዝ መለሰ።

«ታች ገበያው ሙሉ ሰው ነበር። በመስኮት ብትጮህ አምቡላንስ ይጠሩ ነበር። ለምን አልጠራህም?»

«አምቡላንስ ከመጣ ፖሊስ ይመጣል» አለ ወለሉን እያየ። «ፖሊስ ከመጣ ደግሞ ፓስፖርት ይጠይቃል።»

ዱዋንጃይ ሸሚዙን ከኦራታይ እጅ ወስዳ፣ ጨብጣ ይዛው መኝታ ክፍሉ ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች። ማልቀሷ አልተሰማም።

ኮሎኔሉ ለናይንግ ሊን ያመጡትን ካቴና ለኦራታይ አቀበሉና ወደ ምሳቸው ወረዱ። ለበርማዊው አንድም ቃል አልተናገሩም። እሱ አሁንም ካርዱን በእጁ እንደያዘ ቆሟል።

«ኪስህ ክተተው» አለችው ኦራታይ።

«እርግጠኛ ነሽ እትዬ?»

«ክተተው አልኩህ።» ቁጣዋ ለእሱ አልነበረም፤ እሱም የገባው ይመስላል፤ ከተተው።

ዴክላን እጆቹን ሳይጠየቅ ዘረጋ። ደረጃውን ሲወርዱ ከፊቷ ነበር የሚሄደው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ቆመና ሳይዞር ጠየቃት።

«አሁን ወደ አገሬ ይልኩኛል?»

«የለም። መጀመሪያ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ እስር ቤት። ገና ለብዙ ዓመት ከዚህ አገር አትወጣም።»

ትከሻው ዝቅ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይዞት የቆየ የሚመስል ረጅም ትንፋሽ አስወጣ። ኦራታይ ከኋላው ሆና አየችው። ኮሎኔሉን፣ ሙቀቱን፣ ደረጃውንም ችላ ነበር፤ ይህን እፎይታ ግን አልቻለችውም። ክንዱን ይዛ ወደ ታች ገፋችው።