ሁለቱ ሌዘሮችና የሐጂ ይማም ጀልባ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ ጸሎት ቤታችን ውስጥ እንኳ ሰው «መንፈስ አየሁ» ብሎ ሲመሰክር መብራቱ ተበላሽቶ ይሆናል የምል ሰው ነኝ፣ ይሄ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ኮምቦልቻ የብረት ሥራ ቤቴ ውስጥ፣ ቀበሌው በየሳምንቱ ለአንድ ለአምስት ስብሰባ በሚጠራን ዘመን የሆነ ነው።

ሐጂ ይማም ሐይቅ ላይ ሰው የሚያሻግሩ ሽማግሌ ናቸው። የብረት ጀልባቸውን በአይሱዙ አምጥተው ገልብጠን አስቀመጥናት፣ ለገበያ ቀን ሰው ሊጭኑባት ስለሆነ የሆዷ ብረት ደህና ነው ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። ያን ሰሞን ደግሞ አንድ አስመጪ ዝገትና ቀለም የሚያነሱ ሁለት የሌዘር ማሽኖች «ሞክርና የሚሻልህን ግዛ» ብሎ ትቶልኝ ነበር፣ ደስታዬን አልነግርህም። ሁለቱም ጨረሩን በአንድ ወጥ ሳይሆን በምት በምት፣ ቆረጥ ቆረጥ እያደረጉ ነው የሚተፉት። የጀልባዋን ሆድ በጠመኔ ለሁለት ከፍዬ ግራውን በትንሹ ማሽን፣ ቀኙን በትልቁ ጀመርኩ። ትንሹ ቀለሙን ድርብ በድርብ ይልጣል፣ ብረቱን ብትነካው አይሞቅም፤ ትልቁ ዝገቱን ጠራርጎ ይበላዋል፣ ግን አንድ ቦታ ከዘገየህ ያጠቁረዋል። ዕድሜ ልኬን ዝገት ለማንሳት በአየር ግፊት አሸዋ ስረጭ ለኖርኩት ለእኔ፣ እመነኝ፣ ሰርግ ነበር።

ስጨርስ የብረቱን ድምፅ ልሰማ ብዬ ቀኙን ጎን በመዶሻ መታሁት። ከውስጥ ሦስት ምት መጣ። በክሪክ አንስተን አየን፣ ማንም የለም። ደግሜ መታሁ፣ እዚያው ቦታ ሦስት።

ሐጂ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ወንድሜ ሁሴን፣ አላህ ይርሐመው፣ እኔ ከውጭ ስመታ እሱ ከውስጥ ይመልስ ነበር። ብረቱ ደህና ከሆነ ሁለት፣ ካልሆነ ሦስት።»

በመለኪያ ለካሁት፣ ውፍረቱ ሙሉ ነው። «ሐጂ፣ ይኸው ቁጥሩን ይዩት» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የምጭነው ሰው ነው። ቁረጥልኝ።»

ቆርጬ አዲስ ብረት በየድኩ። የወጣውን አገላብጬ ባየው አንድም እንከን የለው። አዲሱን መታሁት፣ ጠበቅን፣ ጸጥ።

«ሁለት አላለም» አሉ ሐጂ።

«ሦስትም አላለም» አልኳቸው፣ ፈረምኩም።

ትንሹን ማሽን ገዛሁ፣ ጀልባዋም ይኸው በየገበያው ሰው ትጭናለች። ሐጂ በደወሉ ቁጥር «ና እንጂ ላሻግርህ» ይሉኛል፣ እኔም ሥራ በዛብኝ እላቸዋለሁ። ደህና ናት ብዬ የፈረምኩላት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬ ግን አልተሳፈርኩባትም።