ከለቅሶ ቤት በሩጫ

ይሄን ታሪክ ስነግረው የሳቀብኝ አንድ ሰው ነበር። የገዛ ወንድሜ ፌርሚን ነው። አንድ ቀን ጠዋት አብሮኝ ወጥቶ ሮጠ... ከዚያ ወዲህ ስቆብኝ አያውቅም።

ስለዚህ እናንተም ከሳቃችሁ አልቀየምም። እኔ ግን የሆነውን ነው የማወራው፤ ከራሴ የጨመርኩት ነገር የለም።

ሰዓቱ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ነው። ቦታው ሳንታ ኢኔስ፣ እዚሁ ፊሊፒንስ፣ ባህሩ ጥግ ያለችው ትንሿ ከተማችን። በዚያ ሰዓት እኛ ጋ የሚነሳው ዓሣ አጥማጅና ዶሮ ብቻ ነው። እና ደግሞ እኛ ሯጮቹ።

ሯጭ ስላችሁ ሌላ ነገር እንዳታስቡ። ስሜ ፖንሶ ነው፣ በረዶ ፋብሪካ ነው የምሰራው፣ ቦርጭም አለኝ። የምሮጠው ለከተማችን የንግሥ በዓል በየዓመቱ የምትደረገውን የአስር ኪሎ ሜትር ውድድር ነው። አሸንፌ አላውቅም፤ አሸንፋለሁ ብዬም አላውቅም።

ሩጫ ያስጀመረኝ ጋሼ ዴልፊን ነው። የባጃጅ ሹፌር ነበር። ሁልጊዜ ከኋላዬ፣ በግራ በኩል ነበር የሚሮጠው። ሊቀድመኝ ይችላል፣ ግን አይቀድመኝም። ከፊት ካላስቀደምኩህ ታቋርጣለህ ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ አቋርጣለሁ።

ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ማታ፣ ደረቴን ትንሽ ከበደኝ ብሎ ተኛ።

አልተነሳም።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ለቅሶ ሄድን። ሳጥኑ ሳሎኑ መሃል ክፍቱን ነበር፤ እኛ ጋ ሰው የሚቀበረው ከሳምንት ያህል ለቅሶ በኋላ ነው። እኛ የሩጫ ጓደኞቹ ተመካክረን የውድድር ጫማውን አደረግንለት። ማሰሪያውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እያለቀስኩ ነበር ያሰርኩት።

ታላቅ እህቱ እትዬ ቶያንግ ጫማውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። እኛ ጋ የሞተ ሰው ጫማ አይደረግለትም። ወደ ቤቱ ቢመለስ እንኳ ኮቴው እንዳይሰማ፣ በባዶ እግሩ ነው የሚሸኘው። ግን የወንድማቸውን ጓደኞች ሰው ፊት ማሳፈር አልፈለጉም መሰለኝ፣ አውልቁ አላሉንም።

ሌላም ነገር አለ። ከለቅሶ ወጥቶ በቀጥታ ቤት አይገባም። ዳቦ ቤት ይሁን፣ ሱቅ ይሁን፣ የሆነ ቦታ ጎራ ይባላል። የሞተው ተከትሎህ ከሆነ እዚያ ትተኸው ትሄዳለህ። ይሄንን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

ፌርሚንና ሌሎቹ ዳቦ ቤት እንሂድ አሉኝ። እኔ ግን ለቅሶውን የደረስኩት የሩጫ ልብሴን እንደለበስኩ ነው። የሰኞዋ ልምምድ ቀርታብኛለች። ጋሼ ዴልፊን ደግሞ ሰኞን መዝለል አይወድም ነበር። እንግዲህ ለሱ መታሰቢያ ትሁን አልኩና ከለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ተነስቼ... ሮጥኩ።

በቀጥታ ወደ ቤቴ።

አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል። ቤት ውስጥ ሚንዳ አለች እኮ። ባለቤቴ። ስምንት ወሯ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልተረፉልንም። ይቺኛዋ አንድ ነገር ብትሆን ሚንዳ ከአልጋ የምትነሳ አይመስለኝም ነበር። እኔም እንደዚያው።

ማክሰኞ ጠዋት ቀላል ሩጫ ወጣሁ። መንገዱ ጭር ብሏል። ድልድዩ ጋ ስደርስ... ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ።

በግራ በኩል።

ዞርኩ። ማንም የለም።

ቆምኩ። ኮቴውም ቆመ... ግን ከኔ አንዲት እርምጃ ዘግይቶ ነው የቆመው።

ድልድዩ ነው የሚያስተጋባው ብዬ ራሴን ሸወድኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ትኩስ ዳቦ በብስክሌት የሚያዞረው ሰውዬ ከፊት ለፊቴ መጣ። መንገዱ ጠባብ ነው። እኔን ለማሳለፍ ትንሽ ጠጋ ማለት ይበቃው ነበር። እሱ ግን ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ለቆ ሳሩ ውስጥ ገባ።

የአጥሬ በር ላይ ስደርስ ኮቴው ጠፋ።

ረቡዕ የፍጥነት ልምምድ ነበረኝ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ። ስፈጥን ይፈጥናል። ስደክም ትንፋሹ ይቀርበኛል... ማጅራቴ ላይ ይሞቀኛል። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሮጬ አላውቅም፤ ፈርቼ ነው የሮጥኩት። ወደ ቤት ስመለስ አጥሩ በር ላይ አልቆመም። ጠጠሩን እየረገጠ እስከ ደረጃችን ስር ድረስ መጣ።

ሐሙስ ዕለት አልወጣም አልኩ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሚንዳ ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

"ፖንሶ..." በሹክሹክታ ነው። "ማንን ነው የምታስጠብቀው?"

"ማንንም።"

"ደረጃው ስር ሰው አለ... እያሟሟቀ ነው።"

አዳመጥኩ። ባለበት ቆሞ ይረግጣል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ጓደኛው የዘገየበት ሯጭ የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው።

የጎረቤት ልጅ ይሆናል አልኳት። ነፍሰ ጡር ሴት ማስደንገጥ ጥሩ አይደለም ብዬ ነው። ያኔ ብነግራት ኖሮ...

አርብ ከሥራ ስወጣ ሹልክ ብዬ እትዬ ቶያንግ ጋ ሄድኩ። ገና አፌን ሳልከፍት ገባቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፣ አሁንም ክፉ አይሆንም አሉኝ፤ ብቻውን መሄድ ስላልቻለ ነው እንጂ። ካልጋበዙት ደግሞ ከደጅ አያልፍም። ሰው የበዛበት ቦታ ወስደህ እዚያ ተወው አሉኝ። ከዚያ ክንዴን ያዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሚንዳ ጋ እንዳይገባ። የሞተ ሰው ባዶ ቦታ ይፈልጋል... ያልተወለደ ልጅ ደግሞ ገና ቦታውን አልያዘም።"

ያን ቃል ከሰማሁ በኋላ ምግብ አልበላልህ አለኝ።

ቅዳሜ ቀበርነው። ከመቃብር ስመለስ ዳቦ ቤት ቆምኩ፣ ሱቅ ቆምኩ፣ ፀጉሬ ሳያድግ ፀጉር ቤት ገብቼ ተቆረጥኩ። ቤቴ ስደርስ ደረጃው ስር ይጠብቀኝ ነበር። ባለበት ይረግጣል።

የቀረኝ እሁድ ብቻ ነው። ውድድሩ። ከተማው ሁሉ የሚወጣበት ቀን ነው፤ ከዚያ የበለጠ ሰው ከየት ይመጣል?

ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ተሰለፍን። ማርሽ ባንዱ ይጮሃል፣ ሰው ይገፋፋል። በግራዬ በኩል ግን አንድ ሰው የሚያክል ክፍት ቦታ ነበር። ማንም አልቆመበትም። ለምን እንደማይቆሙበት እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ተለቀቅን። ኮቴው ከኋላዬ አለ። እሺ፣ ና፣ እያልኩ በሆዴ ሮጥኩ።

ውድድሩ መሃል ላይ በኛ ሰፈር ያልፋል። ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ ወጥቶ ለሯጭ ውሃ ይሰጣል፣ በየዓመቱ እንደዚያ ነው። ሚንዳም ሆዷን ይዛ አጥሩ በር ላይ ቆማለች። ውሃዬን ተቀበልኳት። ሳቀችልኝ። አለፍኳት።

ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ ዝም አለ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። እግዜር ይመስገን፣ ቀረልኝ አልኩ።

ከዚያ... የት እንደቀረ ገባኝ።

ዞሬ ወደ ኋላ ሮጥኩ። ሰዉ ሁሉ ወዲህ እኔ ወዲያ። ፖንሶ፣ መጨረሻው በዚህ ነው፣ ቦርጭህ አዞረህ እንዴ እያሉ ይስቁብኛል። ሚንዳ እዚያው ነበረች፣ ውሃ እየቀዳች።

"ከኋላህ የነበረው ሰውዬ በጣም ደክሞት ነበር" አለችኝ።

"የቱ ሰውዬ?"

"ፎጣ የተከናነበው። ፊቱን አላየሁትም። ሲያለከልክ አሳዘነኝና... ገብተህ አረፍ በል አልኩት።"

ሁለታችንም ወደ ቤቱ ዞርን። በሩ ክፍት ነው። ውስጥ ሰው አይታይም። ወለሉ ግን ጣውላ ነውና ይሰማል... ኮቴው ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሄደ። ተመለሰ።

ሚንዳ ማሰሮውን ለቀቀችው። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

"ፖንሶ... ልጄ አትንቀሳቀስም።"

እንዴት ደረጃው ጋ እንደደረስኩ አላውቅም። መናደድም መፍራትም ነበረብኝ፤ የመጣልኝ ግን ልመና ነው።

"ጋሼ ዴልፊን... ውድድሩ አላለቀም። ና እንሂድ።"

የደረጃውን መደገፊያ ያዝኩ።

"ያላንተ አቋርጣለሁ።"

ኮቴው ወደ በሩ መጣ። ደረጃውን በዝግታ ወረደ። በሚንዳ አጠገብ ሲያልፍ የቀሚሷ ጫፍ ተንቀሳቀሰ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ከዚያ ከኋላዬ ቆመ። በግራ በኩል።

ሚንዳ ሆዷን ጨብጣ ተነፈሰች። ልጅቷ ረገጠቻት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ልትነካኝ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

"ይዘኸው ሂድ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ፖንሶ... እንዳትመለስ።"

ሮጥኩ። መጨረሻውን መስመር አልፌ ሮጥኩ፣ ወደቡ ጋ ያለው የፌርሚን ቤት እስክደርስ አልቆምኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያው ነኝ።

ልጃችን በሰላም ተወለደች። ሊጋያ አልናት፣ ደስታ ማለት ነው። ሦስት ወር ሊሞላት ነው፤ እኔ ግን የማያት በስልክ ነው። አቅፌያት አላውቅም። በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ፣ እሱም ከኋላዬ ይመጣል። ለምጄዋለሁ። እንዲያውም ኮቴውን ስሰማ ደስ ይለኛል። እኔ ጋ ካለ እነሱ ጋ የለም ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ወጣሁ።

ድልድዩ ጋ ደረስኩ።

ከኋላዬ ምንም የለም።

ቆምኩ። ጠበቅኩ። ስሙን ጠራሁት፣ ደግሜ ጠራሁት። የሚሰማው ወንዙ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሮጥኩት አትጠይቁኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ደረጃውን በእጄም በእግሬም ወጣሁት።

ሚንዳ ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። ደክሟታል፣ ብቻዋን ናት። ሊጋያ ከጣራው በተንጠለጠለው የጨርቅ ዥዋዥዌ ውስጥ ናት፣ ነቅታለች፣ ትስቃለች። ዥዋዥዌው ወዲያ ወዲህ ይላል።

የሚጎተትበት ገመድ አለው። ሚንዳ እጅ ላይ አይደለም። ገመዱ ሳሎኑን አቋርጦ ባዶው ወንበር ጋ ድረስ ተወጥሯል... ጫፉ አየር ላይ ነው፣ የተቀመጠ ሰው ደረት ጋ በሚሆን ቦታ። ይሳባል። ይለቀቃል። ይሳባል።

በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ያዝኩ።

ገመዱ ቆመ።

ሊጋያ ፊቷን አጨማደደች፣ ልታለቅስ አፏን ከፈተች።

ገመዱ እንደገና መሳብ ጀመረ።