አራት ዲግሪ

ሰዓት ያዡ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየና ራሱን ነቀነቀ። «አርባ አንድ ሰከንድ ከሦስት» አለ።

ፌንጣ ከቆመችበት ዘለለች። ቅጽል ስሙን ያወጣላትም ይኸው አመሏ ነው፤ ደስ ሲላት እግሯ መሬት አይይዝም። ትናንት ይህንኑ ዳገት ከአርባ አራት ሰከንድ በታች መውጣት አቅቷቸው ነው ያመሹት። ዛሬ ጠዋት ገና በሙከራው ሦስት ሰከንድ ሊቆርጡ ትንሽ ቀራቸው። ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት አለው።

ወንድሟ ሞተር ሳይክሉን ወደ ድንኳናቸው አስጠጋ። የራስ ቁሩን ሳያወልቅ፣ «ምን አድርገሽው ነው?» አላት። «ሦስተኛ ማርሽ ላይ እኮ የፊት ጎማው መሬት ሊለቅ ምንም አልቀረው። ክንፍ አበቀለ እንዴ?»

«ሁለት ዲግሪ ጨመርኩበት። ሌላ ምንም» አለች ፌንጣ።

ሁለት አልነበረም። አራት ነበር።

ሞተር ሳይክሉ ድሮ ዕቃ ማመላለሻ ነበር። መካኒኩ አጎታቸው አፈራርሰው ተለቅ ያለ ፒስተን ከተቱለት፣ ጭስ ማውጫውን ቀየሩለት፣ ካርቡራተሩንም አውልቀው በኮምፒውተር የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ገጠሙለት። ብረቱን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። ላፕቶፑን ግን «ይኼ የናንተ ዘመን ነው» ብለው ለፌንጣ ሰጧት። አምስት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጣ በቁጥር የተሞሉ ሁለት ሠንጠረዦች አጠናች። አንዱ መርጫው ስንት ቤንዚን እንደሚረጭ ያዛል። ሌላው ደግሞ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ስንት ዲግሪ ሲቀረው ካንዴላው እሳት እንደሚሰጥ ይወስናል። እሳቱ ትንሽ ቀደም ሲል ጉልበት ይጨምራል። ከልኩ በላይ ከቀደመ ግን ወደ ላይ እየወጣ ያለውን ፒስተን አናቱን በመዶሻ እንደ መምታት ነው።

«አንድ ነገር ትነኪያለሽ፣ ታስነጂዋለሽ፣ ካንዴላውን ፈትተሽ ታያለሽ። ከዚያ ወደ ሌላው» ይሏታል አጎቷ ሁልጊዜ።

ዛሬ ጠዋት ግን እጇን በላት። በአንድ ጊዜ አራት ዲግሪ ጨመረች፤ ያም አልበቃ ብሏት ከቤንዚኑ ሠንጠረዥ ላይኛው ረድፍ ላይ ቀነሰች።

ከጎናቸው ድንኳን የተከለችው ዳቦ ጋጋሪ፣ ዋናዋ ተፎካካሪያቸው፣ ሰዓቱን ሰምታ መጣች። «ማነው ያስተካከለላችሁ?» ስትል ጠየቀች። አጎቷ ምስጋና በማንኪያ የሚሰፍሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን የፌንጣን ትከሻ ያዝ አድርገው፣ «እሷ ናት። እኔ ብረት አቀባይ ነኝ» አሉ። ፌንጣ ጉንጯ ጋለ።

«ብቻ ጫፉ ጋ ስደርስ የሆነ ድምፅ ሰማሁ» አለ ወንድሟ ውኃ እየጠጣ። «ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚረግፍ። ሰንሰለቱ ይሆን?»

«አየዋለሁ» አሉና አጎቷ መፍቻ ይዘው ተንበረከኩ።

ሰንሰለቱ አልነበረም። ፌንጣ ድምፁን ባትሰማውም ምን እንደሆነ አወቀች፤ ቀድሞ የሚነሳው እሳት ፒስተኑን እየመታው ነው። ዳገቱ ላይ የመጨረሻው መታጠፊያ ከገደል አፋፍ ነው። ፒስተኑ እዚያ ነክሶ ቢቆም የኋላው ጎማም አብሮ ቀጥ ይላል።

ላፕቶፑን ከፍታ ገመዱን ሰካች። ቁጥሩን ዝም ብላ ብትመልሰው ማን ያውቃል? ጣቷ ቁልፉ ላይ ደረሰ። ግን እስካሁን የደረሰው ጉዳትስ? እሱ በቁጥር አይመለስም።

«ጋሼ፣ ሰንሰለቱን ይተዉት» አለች። «ሁለት አይደለም የጨመርኩት። አራት ነው። ቤንዚንም ቀንሻለሁ።»

ማንም አልጮኸባትም። ወንድሟ ጠርሙሱን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ላዩ ላይ የምቀመጠው እኮ እኔ ነኝ» አለ። ከጩኸት ይልቅ ይህ አጥንቷ ውስጥ ገባ።

አጎቷ ካንዴላውን ፈትተው ወደ ፀሐይ ያዙት። ነጩ ሸክላ ላይ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያሉ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ተለጥፈዋል። «ከፒስተኑ የተፈለጠ ብረት ነው» አሉ። በካንዴላው ቀዳዳ በባትሪ መብራት አጮልቀው ወደ ውስጥ ሲያዩ ቆዩ።

«ገና አናቱን ነው የቧጨረው። ተርፏል» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። እንግዲህ ልቀሚ፤ አርባ ደቂቃ አለሽ።»

ፌንጣ ለቀመች። ቤንዚኑን መለሰች፣ ዲግሪውን ወደ አንድ አወረደች፣ አዲስ ካንዴላ ገጠሙ። ወንድሟ ከሜዳው ጀርባ ባለው አቀበት ነድቶ መጣ፤ ካንዴላውን ፈቱት፤ ንጹሕ ነበር። ወደ ሁለት ከፍ አደረገች። ደግሞ ነዳ፣ ደግሞ ፈቱ። የጋለ ብረት ጣቷን ቢለበልባትም አላስተዋለችውም። ሸክላው ብስኩት የመሰለ ቀለም ይዟል፤ አንዲት ነጠብጣብ የለበትም። ሞተሩም ሲያጉረመርም ድምፁ ጠርቷል። ልቧ እንደ ጠዋቱ በደስታ ይመታ ጀመር፤ እንዲያውም ከጠዋቱ በላይ፤ አሁን ሞተሩ ለምን እንደሚሮጥ ታውቃለች።

በመጀመሪያው ዙር ወንድሟ በአርባ ሁለት ከስምንት ገባ። ዳቦ ጋጋሪዋ አርባ ሁለት ከአንድ። ወንድሟ ግን ጥርስ በጥርስ ሆኖ ተመለሰ።

«አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም የቀረን» አለ። «ሦስት ዲግሪ ላይ ሞክረነው አናውቅም እኮ። አንዷን ጣይባትና እንያት።»

ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም። ሦስትም ሊሸከም ይችል ይሆናል። አጎቷ መዳፋቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ፌንጣን አዩ። ሁለተኛውና የመጨረሻው ዙር ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። አስነድቶ፣ ፈትቶ፣ አይቶ ለመመለስ አይበቃም።

«ሁለት ላይ ይቆያል» አለች። «የቀረችውን ከመታጠፊያው ላይ አንተ አምጣት።»

ወንድሟ ትንሽ አያትና ሳቀ፤ የራስ ቁሩንም አጠለቀ። ፌንጣ ገመዱን ነቀለች፤ ከኋላ ሆና ሞተር ሳይክሉን እየገፋች ወደ መነሻው መስመር አብራው ሄደች።