የ«ዝናብ የማን ነው» ባለቤት

ጋሽ አየለ ዳላስ ዳርቻ፣ ሮውሌት ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ሞተው የተገኙት ዓርብ ጠዋት ነው። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል፤ አጠገባቸው መሰላል ቆሟል፤ የድሮው የኤሌክትሪክ ጊታራቸው ግድግዳ ተደግፏል። የመጣው ፖሊስ «አምፖል ሊቀይሩ ወጥተው ወድቀዋል» ብሎ ሄደ። ሽማግሌ ሲሞት ማን ይጨነቃል!

እማዋይሽ ግን ይህን አልዋጠችም። አዲስ አበባ ሳለች ወንጀል መርማሪ ነበረች፤ እዚህ ዳላስ ደግሞ ኢንሹራንስ ለመብላት የሚዋሹትን እያጋለጠች ነው የምትኖረው። የደወሉላት እትዬ ብርቅነሽ ናቸው።

«ልጄ፣ አየለ አልወደቀም» አሏት። «ነገ መድረክ ላይ የወንድሜን ስም ሊጠራ ነበር። ትናንት ከሰዓት ኮል አደረገልኝ። ‹ከጓደኛ ጀርባ አይሆንም፤ ማታ ለነቢዩ ራሴ እነግረዋለሁ› አለኝ።»

ነገሩ የዘፈን ነገር ነው። «ዝናብ የማን ነው»ን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ተማሪው መሬት ለአራሹ ብሎ አደባባይ በወጣበት ዘመን ጋሽ አየለ በጊታር፣ ነቢዩ በድምፅ ያወጡት ሮክ ነው፤ ባለመሬቱን «መሬቱ ያንተ ከሆነ ዝናቡስ የማን ነው?» እያለ የሚያፋጥጥ። መንግሥት ወደቀ፤ ሌላ መጣ፤ እሱም ወደቀ። የጣለውም የወደቀውም ዘፈኑን ዘፈነው። ዛሬ ደግሞ ዳላስ ውስጥ ሙሽሮች ኬክ ይቆርሱበታል፣ ደላሎች ቤት ይሸጡበታል። ኧረ ስንቱ!

ግጥሙ የነቢዩ ነው ተብሎ ሃምሳ ዓመት ተጨበጨበለት። እትዬ ብርቅነሽ «የጻፈው ደርግ የገደለው ወንድሜ አምሃ ነው» እያሉ ሲጮኹ ሰሚ አጥተው ኖሩ። የቀራቸው ምስክር ጋሽ አየለ ብቻ ነበሩ።

እማዋይሽ ጋራዡ ውስጥ ገብታ መጀመሪያ ማብሪያውን ተጫነች። አምፖሉ ቦግ አለ። ከዚያ ጋሽ አየለ ከአገር ሲወጡ ልብሳቸውን ትተው ያመጡትን ትልቅ የጊታር አምፕሊፋየር ዞረችው፤ የገመዱን ጫፍ አንስታ አየችና መልሳ አስቀመጠችው። ሌላ አምፕሊፋየር በቤቱ የለም።

ልጃቸው ሐዳሳ ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት ማታ የት ነበርሽ?»

«ቸርች፣ ሌዊስቪል። ኳየር ፕራክቲስ፣ መዝሙር ስናጠና። ሁሉም አይቶኛል። ረቡዕ የዳዲን ትራንስፎርመር ወስጄ ነበር፤ ማለቴ፣ የቸርቹ ኪቦርድ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው፣ ያለ እሱ አይሰራም። እስካሁን እዛ ነው። ኮል ባደርግለት ኖሮ...» አልቻለችም፤ አለቀሰች።

ማኑሄ፣ የነገው ኮንሰርት አዘጋጅ፣ ስልኩን እየነካካ ነው የመለሰላት።

«ዴንተን ነበርኩ እትዬ፣ ለተማሪዎች ፖስተር ስለጥፍ። ላይቭ ላይ ነበርኩ፣ ቪዲዮው አለ። ሶ፣ በጣም ያሳዝናል፤ ግን ትኬቱ ተሽጧል፣ ኦኬ? የመታሰቢያ ኮንሰርት እናደርገዋለን።»

«ሰውዬው ሳይቀበሩ ፖስተር ቀየርክ?»

«ፎቶውን ብቻ ነው ጥቁርና ነጭ ያደረግኩት።»

እማዋይሽ እንደ ተበላሸ ወጥ አየችውና አለፈችው።

ነቢዩ ሳሎን ውስጥ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ተቀምጧል። ቤት ውስጥ! ለቅሶ ቤት!

«ጋሽ ነቢዩ፣ ትናንት ማታ እዚህ ነበሩ?»

«ነበርኩ የኔ እህት። ተለማመድን። ስወጣ አየለ ጊታሩን ሰክቶ ዘፈኔን ይጫወታል። የጋራዡ በር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ድምፁ እስከ መንገድ ድረስ ተከተለኝ።»

«‹ዘፈኔን› አሉኝ?»

«የማን ሊሆን ነው?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች በልቧ፤ ወጥታም የከተማውን ፖሊስ መርማሪ በስልክ አነጋገረች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ብርቅነሽን ጨምራ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መርማሪው ውጪ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ይጠብቃል።

«አምፖሉ ይበራል» ብላ ጀመረች። «በቤቱ የተቃጠለም አዲስም አምፖል የለም። ጋሽ አየለ መሰላል ላይ ምን ሊሠሩ ይወጣሉ? መሰላሉን ያቆመው ሌላ ሰው ነው። ሐዳሳ ከኳየሩ ጋር ነበረች። ማኑሄ ነውረኛ እንጂ ገዳይ አይደለም፤ በቪዲዮ ሲጮህ ያመሸው ዴንተን ነው፤ ደግሞም ጋሽ አየለ ቢናገሩ ትኬቱ በእጥፍ ይሸጥለት ነበር።»

«እውነቷን ነው» አለ ማኑሄ።

«ጋሽ ነቢዩ፣ እስቲ አምፕሊፋየሩን ይሰኩልን።»

ነቢዩ እየተጎማለለ ሄዶ ገመዱን አነሳ። ሁለቱ ክብ ጥርሶች የግድግዳው ጠፍጣፋ ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አሉ። አገላበጠው። ጎንበስ ብሎ መነጽሩን አወለቀ።

«አይገባም» አለች እማዋይሽ፤ አንቱታውም እዚያው ላይ አበቃ። «የአገር ቤት ሶኬት ነው፤ የአሜሪካ መብራት ጉልበቱ ግማሽ ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር አይሠራም። ትራንስፎርመሩ ደግሞ ከረቡዕ ጀምሮ ሌዊስቪል ነው። ትናንት ማታ ይህ ጊታር ከትንኝ የበለጠ ድምፅ አልነበረውም። ሃምሳ ዓመት ሌላ ሰው እየሰካልህ ዘፈንክ፤ በምን እንደሚሠራ እንኳ አታውቅም! ስትወጣ በሕይወት ነበሩ ለማስባል ዋሸህ፤ ስላልነበሩ።»

ነቢዩ ገመዱን ጣለው።

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም! በዚህ ዕድሜዬ ሊያዋርደኝ? እኔ ባልዘፍነው ማን ያውቀው ነበር? አምሃ ማን ነው?»

«ስልክ ኪስህ ውስጥ ነበር። አንተ ግን አምቡላንስ ሳይሆን መሰላል ፈለግክ።»

ሐዳሳ ፊቷን ሸፈነች። እትዬ ብርቅነሽ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ይሄ ሰው የማያውቀው አንድ ስንኝ አለ» አሉ። «ሊወስዱት ሲመጡ አምሃ በራችን ላይ ቆሞ የነገረኝ። አየለ ነገ ሊጫወተው ነበር።

መሬት ዘርፎ ያልጠገበ፣ ዝናብም ካሻው ይዝረፈው፤
ስሜን ግድ የለም ይውሰደው፣ ጥያቄውን ግን አይለፈው።

አምሃ ‹ግድ የለም› ብሏል። እኔ ግን ግድ አለኝ! ይኸው እስከ ዛሬ ግድ ሲለኝ ኖሬአለሁ። በል ተናገር፤ ማን ጻፈው?»

ማኑሄ ስልኩን ቀስ ብሎ አነሳና ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። እማዋይሽ አልተቆጣችውም። ነቢዩ ስልኩን አየ፤ በሩን አየ፤ ከመኪናው ወርዶ በሩ ላይ የቆመውን መርማሪ አየ።

«አምሃ» አለ።

«አልሰማሁም» አሉ እትዬ ብርቅነሽ።

«አምሃ ነው የጻፈው።»

አገር ያንቀጠቀጠ የተባለለት ያ ድምፅ፣ ያለ ማይክሮፎን ከጋራዡ በር አላለፈም።