ገበያው የሳቀባት መኪና

ሀይሉ ሞቶ የተገኘው አሮጌ ፒካፑ ውስጥ፣ መስኖው ቦይ ውስጥ አፍንጫዋን ተክላ በቆመችው፣ መሪው ላይ ተደፍቶ ነው። አዲሱ ስልኩ ቀኝ እጁ ውስጥ ነበር። ኢንስፔክተር ውባለም ጎንበስ ብላ ስታየው ደሙ የፈሰሰው ከማጅራቱ ነው። በፊት ለፊት ቦይ የገባች መኪና ሰውን ከኋላ አትመታም። ይህን ለአዛዡ ብትነግረውም ጆሮ አልሰጣትም፤ እሱ ጥፋተኛ ያለውን ሰው ቀድሞ አስሯል።

የታሰረው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ረድዋን ነው። ያን ጠዋት ከፒካፑ መሪ ሥር ተኝቶ ሽቦ ሲነካካ ታይቷል፤ እንግዲህ መሪውን ያበላሸው እሱ ነው ተባለ። በሸዋ ሮቢት ገበያ መሀል፣ በግንቦት ሐሩር፣ ሸሚዙ እስኪቀደድ ጎተቱት። እናቱ እትዬ አሪፋ ከጣቢያው በር አልነሳም ብለው ተቀምጠዋል። ውባለም በንዴት አጠገባቸው አለፈች። ሃያ ዓመት ስትሠራ ማሰር ከማጣራት ሲቀድም ያላየችበት ዓመት የለም።

ረድዋን ከንፈሩ አብጧል። የሠራውን ግን አንድ በአንድ ነገራት። የፒካፑ ሬዲዮ ከኤፍኤምና ከካሴት በቀር የማያውቅ፣ ለዓመታት ድምፁ የጠፋ ነበር። ሀይሉ ደግሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚነዳ ሰው ነው፤ ሚስቱ እትዬ ወርቅነሽ ለምነው ለምነው ሰልችተዋል። ረድዋን የሬዲዮውን የኤሌክትሪክ መስመር ቀጠለለትና ሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ ትንሽ ብሉቱዝ ሰካ። ዕቃዋ የስልኩን ድምፅ ተቀብላ በኤፍኤም ለሬዲዮው ታቀብላለች። ያስቸገረው የሬዲዮው ቁጥር ተፍቆ መጥፋቱ ነበር፤ መርፌውን በዳበሳ እያዞረ ነው ሞገዱን የያዘለት።

«ከዚያ ወዲያ ስልኩን ጆሮው ላይ ቢይዘውስ?»

«ምንም አይሰማውም። ድምፁ በበሮቹ ስፒከር ነው የሚወጣው።»

ቀጥላ ከቢርን ፈለገች። ከቢር ባለፈው ሳምንት ከሀይሉ ጋር በውሃ ተራ ተጣልቶ አንገት ለአንገት ተናንቆ ነበር፤ ሀይሉ የውሃ አባት ነውና ተራውን የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ከሽንኩርት ጆንያው ላይ ሳይነሳ ጠቡን አመነላት፤ ውሃ ያላጣላው ገበሬ ካለ አሳዪኝ አላት። ስለ ጠዋቱ ስትጠይቀው ግን ሳቅና እንባ ተናነቀው። ሀይሉ መኪናውን ገበያው መሀል አቁሞ ለሚስቱ ደወለ፤ የወርቅነሽ ድምፅ በበሮቹ ወጥቶ፣ «ቂጥህ ላይ ያለው እባጭ ፈረጠልህ ወይ?» አለ። «ወላሂ፣ ገበያው እስከ ቀትር ሌላ ወሬ አልነበረውም» አላት።

አሥር ሰዓት ላይ ውባለም ሁሉንም ቦዩ ዳር ሰበሰበቻቸው፤ አዛዡን፣ ወርቅነሽን፣ ከቢርን፣ ካቴና ያለበትን ረድዋንን፣ ቦዩ ዳር ማሳ ያለውንና አስከሬኑን አገኘሁ ብሎ ለጣቢያው የተናገረውን ሰለሞንን። እትዬ አሪፋም ሳይጠሩ መጡ። ሰለሞን እስከ ቀትር ገበያ ነበርኩ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል።

«ጋሽ ሰለሞን፣ ሟቹን ገበያ አይተውታል?»

«አይቼው እንጂ። እንደ ልማዱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር። ተው፣ ይገድልሃል ብዬዋለሁ።»

ከቢር ቀና ብሎ አየው። ውባለም የመኪናዋን ቁልፍ አዞረች፤ የሀይሉን ስልክ ለአዛዡ ጆሮዎ ላይ ይያዙት ብላ ሰጠችው። ራሷ ራቅ ብላ ደወለችና አዛዡ ሲያነሳ ተናገረች። ድምፅዋ በበሮቹ ጮኸ። አዛዡ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ አገላብጦ አየው።

«ሀይሉን ከኋላው መቱት» አለች፣ ንዴቷን መደበቅ ትታ። «ከዚያ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጠው ወደ ቦዩ ገፏት፤ ስልክ እያወራ ነው የገባው እንዲባልም እጁ ላይ ስልክ አስያዙት። ይህን የሚያደርገው ሬዲዮው ዛሬ እንደተሠራ ያልሰማ ሰው ነው። ረድዋን ራሱ ሠርቶታል። እትዬ ወርቅነሽ አውርተውበታል። ከቢር ስቆበታል። ጋሽ ሰለሞን፣ ገበያው ዛሬ በምን ሳቀ?»

ወርቅነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«የእርስዎ የውሃ ተራ ሐሙስ ነው። ማሳዎ ግን ዛሬ ርሷል። አገሩ ገበያ ሲወጣ ቦዩን ከፈቱት፤ ሀይሉ ከገበያ ሲመለስ ደረሰብዎት።»

«ሽንኩርቴ ዓይኔ እያየ ደረቀ» አለ ሰለሞን ቁጭ እያለ። «ውሃውን ሊዘጋ ሲያጎነብስ፣ በአካፋ፣ አንድ ጊዜ ነው።»

ሰለሞንን ሲወስዱት አዛዡ የረድዋንን ካቴና ፈታና በዝቅተኛ ድምፅ፣ ገበያው እንዳያየው በወንዙ በኩል ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነገረው። ውባለም መንገዱ ላይ ቆመች።

«በገበያ የጎተቱትን ሰው በወንዝ በኩል አይሸኙትም። እርስዎ ቀድመው ይሄዱና ንጹሕ ነው ብለው ይናገራሉ።»

አዛዡ ተቆጥቶ ተከራከራት፤ እሷም ሪፖርቱን ማን እንደሚጽፍ አስታወሰችው። ገበያው ገና አልተበተነም ነበር። አዛዡ ከጆንያዎቹ መሀል ቆሞ፣ ረድዋን ጥፋት የለበትም፣ ስተናል፣ ብሎ አጉተመተመ። አጠገቡ ከነበሩት በቀር የሰማው የለም።

«ስትወስዱት ድምፃችሁ እንዲህ አልነበረም» አሉ እትዬ አሪፋ።

አዛዡ ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። ባለ ሽንኩርቶቹ ሚዛናቸውን አስቀምጠው ሰሙት።